የተበተነ ቀልብን መሰብሰብ፦ ከጠዋቱ ወንበር እስከ ማታው ደብተር

ከቤት ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ «በሩን ቆልፌዋለሁ?» የሚል ጥያቄ ድንገት ይመጣል። ተመልሰው ያዩታል፤ ተቆልፏል። እጅ ቁልፉን አዙሯል፣ ቁልፉም ኪስ ገብቷል። ቀልብ ግን በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበረም። ትናንት ከአለቃ ጋር የተደረገውን ንግግር እየደጋገመ ነበር፣ ወይም ነገ የሚከፈለውን ዕዳ እያሰላ። ያልነበሩበትን ነገር ማስታወስ ስለማይቻል ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም።

በሩ ትንሽ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ምግቡም፣ ልጅ የሚያወራው ወሬም፣ ስንት ጊዜ የተጠበቀው የእረፍት ቀንም በዚያው መንገድ ማለፉ ነው። ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 2,250 ሰዎችን በስልካቸው አማካይነት ድንገት እየጠሩ አሁን ምን እንደሚሠሩ፣ ሐሳባቸው እዚያው ላይ መሆኑንና ምን እንደሚሰማቸው ጠየቁ። 47 በመቶ በሚሆነው ጊዜ የሰዎቹ ሐሳብ ከሚሠሩት ነገር ውጭ ነበር፤ ሐሳባቸው ሲባዝንም ደስታቸው ያንስ ነበር። ሐሳቡ ደስ ወደሚል ነገር በሄደበት ጊዜ እንኳ ሥራው ላይ ከመሆን የበለጠ ደስታ አልተገኘም።

ለዚህ የሚሠራው ልምምድ በእንግሊዝኛው «ማይንድፉልነስ» ይባላል፤ አማርኛ «ቀልብን መሰብሰብ» የሚል ጥሩ ስም አለው። በጥንቱ የፓሊ ቋንቋ ቃሉ «ሳቲ» ነው፤ መነሻ ትርጉሙም ማስታወስ፣ ማለትም አሁን የት እንዳሉ ማስታወስ ነው። (በእኛ ቋንቋ ማስተዋልና ማስታወስ በድምፅ መቀራረባቸው አጋጣሚ ቢሆንም ደስ ይላል።) እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመማቸው በሕክምና ብቻ ላልተቃለለላቸው ሰዎች የ8 ሳምንት ሥልጠና አድርጎ አዘጋጀው፤ ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የሚሰጠው የዚያ ልጅ ነው።

ተአምር ግን አይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣና 47 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናት ልምምዱ ጭንቀትን፣ ድብርትንና የሕመም ስሜትን በመጠኑ እንደሚያቃልል አገኘ፤ ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ ወይም ከመድኃኒት እንደሚበልጥ ግን ማስረጃ አላገኘም። ማለፊያ ውጤት ነው፤ የሚሸጡት ሰዎች የሚሉትን ያህል ግን አይደለም።

ከታች ያለው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ ሥራው ቀልብን አንድ ቦታ አስሮ ማቆየት ሳይሆን ሄዶ ሲያገኙት መመለስ ነው። ይህ ካልተያዘ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ቢከተሉም በሁለተኛው ሳምንት «ለእኔ አይሆንም» ብለው ይተዉታል። አብዛኛው ሰው የሚተወውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልገው ወንበር፣ ሰዓት ቆጣሪና ትንሽ ደብተር ነው። መሬት ላይ እግር አጣጥፎ መቀመጥ ግዴታ አይደለም፤ ጉልበት ካመመ የልምምዱ አምስት ደቂቃ ስለ ጉልበት በማሰብ ያልቃል። ሰዓት ቆጣሪው ስልክዎ ከሆነ መልእክት እንዳይጮህበት አድርገው፣ ስክሪኑን ወደ ታች ደፍተው፣ እጅዎ የማይደርስበት ቦታ ያኑሩት። የመጨረሻው ድምፅ ለስለስ ያለ ይሁን። በጩኸት የሚያልቅ ከሆነ ሰውነት መጨረሻውን እየፈራ ይጠብቃል።

ሰዓቱን በተመለከተ ምርጡ ጠዋት ነው፤ ፊት ከታጠቡ በኋላ፣ ስልክ ከማየትዎ በፊት። ስልኩ ከቀደመ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው የሌላ ሰው ወሬ ነው። አልጋ ላይ እንደተጋደሙ መሞከር መልሶ መተኛት ነው፤ ከከባድ ምግብ በኋላም እንዲሁ። ጠዋት ፈጽሞ የማይመች ከሆነ ከሥራ ተመልሰው ልብስ ሲቀይሩ ያድርጉት። ዋናው ነገር ሰዓቱ ከሌላ፣ በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር መያያዙ ነው።

መቀመጥና ትንፋሽን መከታተል

1. ወንበሩ ላይ ይቀመጡ። ሁለቱም ውስጥ እግሮች ወለሉን ሙሉ በሙሉ ይንኩ፤ ጉልበት ከዳሌ ትንሽ ዝቅ ይበል። ወንበሩ አጭር ከሆነ የታጠፈ ብርድ ልብስ ከሥር ያድርጉ። ጀርባ ከመደገፊያው ይላቀቅ፤ ወገብ የሚያምዎት ከሆነ ግን ሳያፍሩ ይደገፉ። እጆች ጭን ላይ ይረፉ። አገጭ ትንሽ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ይበል።

2. ዓይንዎን ይክደኑ። መክደን ካልተመቸዎት ከፊትዎ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ወለሉ ላይ ያሳርፉት።

3. ሦስት ጊዜ ረዘም አድርገው ይተንፍሱ። ከዚያ ትንፋሹን ይልቀቁት፤ እንደፈለገ ይሁን። አጭር ከሆነ አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ከሆነም እንደዚያው።

4. ትንፋሹ ይበልጥ የሚሰማዎትን አንድ ቦታ ይምረጡ፦ የአፍንጫ ጫፍ፣ ደረት ወይም ሆድ። ለጀማሪ ሆድ ይቀላል፤ እንቅስቃሴው ትልቅ ስለሆነ እጅ ጣል አድርጎ ማግኘት ይቻላል። አንዴ ከመረጡ ሰዓቱ እስኪያልቅ አይቀይሩ።

5. አየሩ ወጥቶ ሲያልቅ በልብዎ «አንድ» ይበሉ። ቀጣዩ ወጥቶ ሲያልቅ «ሁለት»። እስከ አሥር ከደረሱ በኋላ እንደገና ከአንድ ይጀምሩ።

6. ቁጥሩ ከጠፋብዎ፣ ወይም ራስዎን አሥራ አራት ላይ ካገኙት፣ ወደ አንድ ይመለሱ።

አንድን ትንፋሽ ከቅርብ ቢያዩት ብዙ ነገር አለው። የሚገባው አየር አፍንጫ ላይ ቀዝቀዝ ይላል፣ የሚወጣው ሞቅ። ሆድ ሲነሳ መቀነቱ ወይም የሱሪው ጠርዝ ጠበቅ ይላል፤ ሲወርድ ይላላል። አየሩ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ቀጣዩ ከመጀመሩ በፊት አጭር ፀጥታ አለች፤ የብዙ ሰው ቀልብ የሚያመልጠው እዚያች ላይ ነው፣ የሚያዝ ነገር የለማ። ቁጥሩ በትንፋሹ መጨረሻ ላይ የተቀመጠውም ያቺን ቀዳዳ እንዲደፍን ነው። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ስለሚተነፍስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከ6 እስከ 10 ሙሉ ዙር ሊቆጠር ይችላል። ይህ ሒሳብ ለማወቅ ያህል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ዙር ሳይጨርሱ ሰዓቱ ቢያልቅ ምንም አልጎደለም።

ዋናው ቦታ ይኸውና። «አራት» ብለዋል፤ ከዚያ ሐሳብ ይዞዎት ሄደ። ትናንት የተባለ አንድ ቃል፣ ቀጥሎ ሊመልሱለት ይገባ የነበረው መልስ፣ ቀጥሎ የዚያ ሰው ፊት... ድንገት «ውይ፣ ሄጄ ነበር» ይላሉ። ያቺ ቅጽበት ስሕተቱ የተገኘባት ትመስላለች፤ በእርግጥ ግን ልምምዱ የተሠራባት እሷ ናት፤ እስከዚያ ድረስ እንደሄዱ እንኳ አላወቁም ነበር። የሚከተለውን ያድርጉ፦ በልብዎ ቀለል አድርገው «ሐሳብ» ይበሉ፣ አንዴ ይተንፍሱ፣ ከአንድ ይጀምሩ። ክፍት በር እያየ ወደ ውጭ የሚድህን ሕፃን እንደሚያነሱት ነው፤ አይቆጡትም፣ ለምን እንደወጣ አይጠይቁትም፣ አንስተው መሐል ቤት ያስቀምጡታል። እንደገና ይወጣል። እንደገና ያነሱታል። በአምስት ደቂቃ ሃያ ጊዜ ሄዶ ሃያ ጊዜ ከተመለሰ ሃያ ጊዜ ሠርተዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ ሰዓቱ እስኪጮህ ካልተመለሰ ነው የጎደለው፤ እሱም ነገ አለ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ቢመችዎትም አይጨምሩ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ ከ15 እስከ 20። የሆስፒታሎቹ ሥልጠና በቀን እስከ 45 ደቂቃ ይጠይቃል፤ ያንን ግን አስተማሪና አብሮ የሚለማመድ ቡድን ሳይኖር በሦስተኛው ቀን ለመሞከር መነሳት ያለ ዝግጅት ረጅም ዳገት እንደመውጣት ነው። በሳምንት አንድ ቀን 40 ደቂቃ ከመቀመጥ በየቀኑ 5 ደቂቃ ይሻላል፤ መመለስ የሚለመደው በመደጋገም ነውና።

ሲቀመጡ የሚገጥሙ እንቅፋቶች

«ጭንቅላቴን ባዶ ማድረግ አቃተኝ።» ማንም አይችልም፤ የጠየቀዎትም የለም። ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሙከራ ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዛቸው፤ ድቡ በተነገራቸው ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ መጣ፣ በኋላ ማሰብ ሲፈቀድላቸውማ ከመጀመሪያውኑ እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች ይበልጥ መጣባቸው። ሐሳብን ማባረር መጋበዝ ነው። ስለዚህ ይምጣ። ወንበር ብቻ አይሳቡለት።

ራስ ማዞር ወይም ደረት ማፈን። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ትንፋሹን «በደንብ» ለመተንፈስ ሲታገሉ ነው። ከልክ በላይ ሲተነፍሱ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ራስም ይዞራል። ትንፋሹን ይተዉትና ቀልብዎን ወደ ውስጥ እግርዎ ይውሰዱት፦ ወለሉ ይቀዘቅዛል? ካልሲው ይሻክራል? ትንፋሽን መከታተል ሁልጊዜ የሚያስጨንቅዎት ከሆነ እግርን ወይም ከውጭ የሚሰማ ድምፅን ቋሚ ማረፊያ ያድርጉ፤ ከትንፋሽ ያነሰ ዋጋ የለውም።

እንቅልፍ። ዓይን ይከፈት፤ ካልሆነ ቆመው ያድርጉት። ለሦስት ተከታታይ ቀን ያንቀላፉ ከሆነ ሰውነትዎ የሚጠይቀው ልምምድ ሳይሆን እንቅልፍ ስለሆነ በጊዜ ይተኙ።

ማሳከክ። ወዲያው አይከኩ። ማሳከኩን አንድ ሙሉ ትንፋሽ ያህል ይመልከቱት፤ ይጨምራል፣ ቦታ ይቀይራል፣ አንዳንዴም ራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ እያወቁ ይከኩና ይመለሱ። የደነዘዘ እግር ግን ይንቀሳቀስ፤ እዚያ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም።

መሰልቸት የሁሉም ድርሻ ነው። «ሰለቸኝ» የሚለው በሰውነት ውስጥ የት እንዳለ ይፈልጉት። አብዛኛውን ጊዜ ትከሻ ላይ ወይም ጨጓራ አካባቢ ተቀምጦ ይገኛል።

በሩ ላይ መንቃት

ወንበር ላይ ያለው 5 ደቂቃ ከቀሪው ቀን ጋር ካልተገናኘ እንደ ጌጥ ይቀራል። የሚያገናኘው ዘዴ ቀላል ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ተመራማሪ እንዳሳየው «አስተዋይ እሆናለሁ» ከሚል ውሳኔ ይልቅ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ ብዙ ጊዜ ይፈጸማል። ስለዚህ ደብተርዎ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «የቤቴን በር ስቆልፍ ቁልፉ ዞሮ እስኪያልቅ ሌላ ነገር አላደርግም።»

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። ቁልፉን ከማውጣትዎ በፊት ይቁሙ። ስልኩ ኪስ ይግባ። ቁልፉ በጣት ላይ ያለውን ቅዝቃዜና ጥርሱን ይዳስሱ። ሲያዞሩ የሚገፋዎትን ኃይል፣ ከዚያ ቋ የሚለውን ድምፅ ይስሙ። እጀታውን አንዴ ይግፉት። «ቆለፍኩ» ይበሉ፣ ድምፅ ቢወጣም ችግር የለም። ሁሉም አሥር ሰከንድ አይሞላም። በተለይ ለበሩ የመረጥነው ሽልማቱ ወዲያው ስለሚታይ ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ያቺ ጥያቄ አትመጣም።

ቤት ውስጥ የሚውል ሰው እጅ መታጠብን ወይም ሳህን ማጠብን ሊመርጥ ይችላል፦ የውሃው ሙቀት፣ የአረፋው ድምፅ፣ ሳህኑ ከቅባት ሲጸዳ ጣት ላይ የሚሰጠው ጭረት መሳይ ስሜት። አንድ ብቻ ይምረጡ። አምስት የመረጠ ሰው በአራተኛው ቀን አንዱንም አያስታውስም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ደንዝዞ እጅ ብቻውን መሥራት ከጀመረ (ይጀምራልም) አንድ ዝርዝር ይቀይሩ፤ ለምሳሌ በግራ እጅዎ ይቆልፉ።

አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን 21 ቀን ይበቃል የሚለውን አይመኑ። በለንደን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ጥናት አማካዩን 66 ቀን አግኝቷል፤ ከሰው ሰው ልዩነቱ ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ነበር። አንድ ቀን መዝለል ብዙም እንደማይጎዳ ያው ጥናት አሳይቷል።

ቀኑ መሐል ላይ ሲናጥ፦ ሦስት ደቂቃ

ይህ ተደጋጋሚ ድብርት ላለባቸው ሰዎች ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊልያምስና ጆን ቲዝዴል ባዘጋጁት ሕክምና ውስጥ ያለ አጭር ልምምድ ነው። የመጀመሪያውን ደቂቃ «አሁን ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ፦ ምን ሐሳብ፣ ምን ስሜት፣ ሰውነት ውስጥ ምን። ለማስተካከል አይሞክሩ፤ እንደ ዕቃ ቆጣሪ ይመዝግቡ። ሁለተኛውን ደቂቃ ትንፋሽ ላይ ብቻ። ሦስተኛውን ከትንፋሹ ወደ ሙሉ ሰውነት፣ ከዚያም ወደ ክፍሉ ያስፉት፦ ፊት፣ ትከሻ፣ ወንበሩ፣ የሚሰማው ድምፅ። ቅርጹ ሰፊ፣ ጠባብ፣ ሰፊ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ደቂቃ ዘልሎ ወደ ትንፋሹ ይሮጣል፤ ያኔ ልምምዱ ከተሰማዎት ነገር መሸሻ ይሆንና የሸሹት ነገር ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል።

ሁለተኛው ቀስት

ቡድሃ እንዳስተማረው የሚነገር አንድ ምሳሌ አለ። ሰው በቀስት ይወጋል፤ ያማል። ወዲያው በሁለተኛ ቀስት ይወጋል፤ ይኸኛው ስለ መጀመሪያው የሚያስበው፣ የሚቆጨው፣ የሚያማርረው ነው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ አይቀርም። ሁለተኛውን የምንወረውረው እኛ ነን።

እዚህ ላይ ተግባሩ ሁለቱን በጽሑፍ መለየት ነው። ለወዳጅዎ መልእክት ልከዋል፤ አንብቦታል፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ አልመለሰም። ደብተርዎን ያውጡና አንድ መስመር ያስምሩ። ከላይ ካሜራ ቢኖር የሚቀርጸውን ብቻ ይጻፉ፦ «መልእክት ላክሁ። ተነቧል። መልስ የለም።» ከታች ጭንቅላት የጨመረውን ይጻፉ፦ «ተቀይሞኛል። ባለፈው የተናገርኩት ነው። ድሮም እንደዚህ ነው። ሰው የለኝም።» ከላይ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከታች የሕይወት ታሪክ! ከታች ያለው ሁሉ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን ገና ያልታወቀ ነው።

ከዚያ ስሜቱን በስሙ ይጥሩ። «መጥፎ ስሜት ተሰማኝ» አይበቃም። ቁጣ ነው? ቅሬታ? እፍረት? ቅናት? ፍርሃት? አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው፤ ሆድ መባስ፣ ቅር መሰኘት፣ መከፋት፣ ማኩረፍ አንድ አይደሉም፤ ትክክለኛው ሲገኝም ደረት ላይ አንድ ነገር ላላ ይላል። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት የአንጎል ምርመራ፣ ሰዎች ያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙ አሚግዳላ የተባለው ከስጋት ጋር የሚያያዘው የአንጎል ክፍል መነሳሳት ቀንሶ ታይቷል። አሰያየሙ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያድርጉ፦ «ተናዳጅ ነኝ» ሳይሆን «ንዴት አለ» ይበሉ። የመጀመሪያው ስለ እርስዎ ብያኔ ነው፣ ሁለተኛው ስለ አየሩ ሁኔታ።

በእጄ ያለና የሌለ

ሁለተኛው ቀስት ከተለየ በኋላም እውነተኛ ችግር ሊቀር ይችላል። ለዚህ በወጣትነቱ ባሪያ የነበረው የስቶይክ (የጥንት ግሪክና ሮም የፍልስፍና ወገን) ፈላስፋ ኤፒክቴተስ ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ያስተማረው ምደባ እስካሁን የተሻለ አልተገኘለትም፦ አንዳንዱ ነገር በእኛ እጅ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። ፍርዳችን፣ ፍላጎታችን፣ የምናደርገው ነገር በእጃችን ነው፤ ሀብት፣ ዝና፣ የሌላው ሰው አስተያየት፣ ሰውነታችን እንኳ ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ሲሰሙት ቀላል ነው። ሲሠሩት ግን አብዛኛው ነገር ድብልቅ ሆኖ ስለሚመጣ ሰው ግራ ይገባዋል። የሥራ ቃለ መጠይቅ በእጅዎ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ ነገሩን መከፋፈል ነው። ገጹን ለሁለት ይክፈሉት። በግራ በኩል በእጅዎ ያለው፦ የሥራ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ ማንበብ፣ ሊጠየቁ የሚችሉ አምስት ጥያቄዎችን ድምፅ አውጥቶ መመለስ፣ ልብስ ማታ ማዘጋጀት፣ 20 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ። በቀኝ በኩል የሌለው፦ የጠያቂው ስሜት፣ የተወዳዳሪዎች ብዛት፣ ውስጥ ለውስጥ የታሰበ ሰው መኖሩ፣ ውጤቱ። አሁን ከግራው በኩል አንዱን መርጠው ዛሬ የሚሠሩበትን ሰዓት ይጻፉበት። የቀኙን አንዴ አንብበው ገጹን ይዝጉ። ሌሊት ሐሳቡ ሲመጣ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ከየትኛው በኩል ነው?»

ስቶይኮቹ ለዚህ የቀስተኛ ምሳሌ ነበራቸው፤ ቀስተኛው ጅማቱን መሳብና ማነጣጠር ይችላል፣ ቀስቱ ከተለቀቀ በኋላ ነፋሱም ኢላማውም የእሱ አይደሉም። ስለዚህ ግቡን «ሥራውን ማግኘት» ከማለት «በደንብ ተዘጋጅቼ መቅረብ» ይበሉት።

ይህ መሣሪያ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው ለስንፍና መጠቀሚያ ሲሆን ነው፤ ይቅርታ መጠየቅ ሲገባ «የእሷ ስሜት በእጄ አይደለም» ማለት። ይቅርታው በእጅ ነው። ሁለተኛው በሌላ ሰው ላይ ማዋል ነው፤ ልጁ ታሞበት ለሚያለቅስ ሰው ይህን ምደባ መንገር ጭካኔ ነው። ለራስ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

የማታው ሒሳብ

ሴኔካ የተባለው ሮማዊ በየማታው የሚያደርገውን ጽፎ ትቷል። መብራቱ ይጠፋል፣ ልማዱን የምታውቀው ሚስቱ ዝም ትላለች፣ እሱም ቀኑን ከዳር እስከ ዳር ይመረምራል፤ ከራሱ ምንም አይደብቅም። እዚያው ላይ የሚረሳ ነገር አለ፦ ስሕተቱን ካየ በኋላ «ይህን ዳግመኛ እንዳታደርግ፤ ለአሁኑ ይቅር ብዬሃለሁ» ይል ነበር። ይህ የመጨረሻው ክፍል ከተተወ ሒሳቡ ወደ ራስን መግረፍ ይለወጣል፣ ሰውም እንቅልፍ ያጣል።

አሠራሩን ከአምስት ደቂቃ አያሳልፉት፤ ከአልጋ ውጭ፣ በወረቀት ላይ ያድርጉት። መጀመሪያ፦ ዛሬ ቀልቤ የት ሄደብኝ? አንድ ቦታ ብቻ ይጻፉ። ቀጥሎ፦ ያ ነገር ነገ ቢደገም ምን አደርጋለሁ? አንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ የሴኔካን ይቅርታ በራስዎ ቃል ይጻፉና ከሥሩ ያስምሩ።

የመጨረሻው ከዛሬ ሦስት መልካም ነገሮች ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ ለምን እንደሆነ። ማርቲን ሰሊግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሙከራ ይህን ለአንድ ሳምንት በየማታው የሠሩ ሰዎች ደስታ ከስድስት ወር በኋላም ከፍ ብሎ ታይቷል፤ በተለይ ሳምንቱ ካለቀ በኋላ በራሳቸው የቀጠሉት ዘንድ። የሚበላሸው አጠቃላይ ሲሆን ነው። «ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ» ብሎ በየማታው መጻፍ በአራተኛው ቀን ትርጉም ያጣል። የተሻለው ጠባብ ነገር ነው፦ «ዝናቡ ሲጀምር አንዲት የማላውቃት ሴት ጃንጥላዋን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ፤ ልብሴ ቀጭን መሆኑን ስላየች ይመስለኛል።» ማታ ይህን እንደሚጽፉ የሚያውቁ ሰው ቀን ላይ መፈለግ ይጀምራሉ፤ ጥቅሙ ግማሹ እዚያ ነው። ነገሩ ግዴታ እየመሰለዎት ከሄደ በሳምንት አንድ ቀን ያድርጉት፤ ከመሰልቸት ይሻላል።

መቼ ማቆም ይገባል

ጸጥ ብሎ መቀመጥ ለሁሉም ሰው ሁልጊዜ ደህና አይደለም። ከባድ አደጋ ወይም ጥቃት የደረሰበት ሰው ዓይኑን ሲከድን ትዝታው እንደ አዲስ ሊመጣበት ይችላል። ይህ ከሆነ ወዲያው ዓይን ይከፈት፣ እግር ወለሉን ይጫን፣ በክፍሉ ውስጥ ያሉ አምስት ዕቃዎች በስም ይጠሩ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ባለሙያ በዚያ መንገድ አይቀጥሉ። በእግር እየሄዱ ውስጥ እግርን መከታተል ለብዙዎቹ ይሻላል። የሌለ ድምፅ መስማት፣ ከራስ ሰውነት ውጭ የሆኑ መምሰል ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ልምምዱ ይቁምና ሐኪም ይታይ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትም በዚህ ልምምድ አይተካም፤ ለማቆም ቢያስቡ እንኳ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ነው።

ሲቋረጥና ሲመዘን

ይቋረጣል። እንግዳ ይመጣል፣ በሽታ ይመጣል፣ ጉዞ ይመጣል። ከተቋረጠ በኋላ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው የቀረውን ለማካካስ ግማሽ ሰዓት ለመቀመጥ መሞከሩ ነው። ዕዳ የለም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ዙር ብቻ፣ ከአንድ እስከ አሥር፤ በማግሥቱ 5 ደቂቃ።

መጠቀምዎን ለማወቅ ወንበሩ ላይ ያለውን ምቾት አይመዝኑ፤ እሱ እንደ አየር ጠባይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሰሞኑን ያናደደዎትን አንድ ነገር ይጻፉና ከንዴቱ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደብዎት በግምት ያስፍሩ፦ ሁለት ሰዓት፣ ግማሽ ቀን፣ ሁለት ቀን። ስምንተኛው ሳምንት ሲያልቅ የቅርቡን አንድ ንዴት በዚያው መልክ ከሥሩ ይጻፉ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያንብቡ። ካላጠረ፣ በየቀኑ መቀመጥዎንና የበሩን ዓረፍተ ነገር አሁንም እየሠሩበት መሆኑን ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተረሳው በሩ ነው።